ያንን ወረቀት ጮክ ብዬ ባላነበው ኖሮ

ይህን የምጽፈው የተጣሉ የሀብታምና የድሃ ልጆችን አንድ ክፍል ውስጥ ሊያስቀምጥ ለተነሳ ሰው ነው። እኔ ከመጀመሬ በፊት አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ፣ አንድ ልጅ በእኔ ምክንያት አንገቱን ባልደፋ ነበር።

ልጆቹ 12 ነበሩ። ሁሉም ወንዶች፣ ከ14 እስከ 16 ዓመት። 6ቱ ከተደላደለ ቤት፣ 6ቱ ከእጅ ወደ አፍ ከሚኖር ቤት። በመካከላቸው ድብድብ ነበር። አንድ ጥርስ ወልቋል፣ አንድ ስልክ ተሰብሯል፣ ከትምህርት ቤት ማስጠንቀቂያ ያልተጻፈበት ልጅ አልነበረም። የእኔ ሥራ ለ10 ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ቀን እያገናኘሁ ማነጋገር ነበር። በፈቃደኝነት ነው የገባሁበት።

የወላጅ ፈቃድ፣ ክፍል ማግኘት፣ ሰዓት ማስማማት በሁለት ሳምንት አለቀ። እዚህ ላይ የምለው ነገር የለኝም።

በመጀመሪያው ቀን ወንበሮቹን ክብ አድርጌ ደረደርኩ። ልጆቹ ገቡና ክቡን ለሁለት ከፈሉት። ማንም ማንንም ፊት ለፊት አላየም። ጫማ ነበር የሚተያዩት። አንዱ የተላቀቀ የጫማውን ሶል ለመደበቅ እግሩን ወንበሩ ሥር አጥፎ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። ከፊት ለፊቱ ያለው ደግሞ ነጭ ጫማው ላይ ያረፈች ነጠብጣብ በአውራ ጣቱ ሲፈትግ ቆየ። የመጀመሪያውን ልጅ ስሜት ወዲያው ገባኝ። የሁለተኛውን "ኩራት" ብዬ አለፍኩት። ጫማውን ሲያቆሽሽ አባቱ ቀበቶ እንደሚያወጣበት የነገረኝ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሄንሪ ታጅፌል በእንግሊዝ ብሪስቶል በ14 እና በ15 ዓመት ወንዶች ላይ የሠራውን ሙከራ አንብቤ ነበር የገባሁት። ውጤቱን ያሳተመው በ1970 ነው። ልጆቹ ስክሪን ላይ የታዩ ነጠብጣቦችን እንዲገምቱ ተደረገ፤ ከዚያ በግምታቸው የተመደቡ መስሏቸው በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ገንዘብ አከፋፍሉ ሲባሉ ለራሳቸው ቡድን አደሉ። ይባስ ብሎ በተከታዩ ሙከራ የራሳቸው ቡድን ድርሻ ቢያንስም እንኳ ከሌላው ቡድን የሚበልጡበትን ክፍፍል የመረጡ ብዙዎች ነበሩ። በነጠብጣብ እንዲህ ከሆነ፣ ጫማ፣ ስልክና ቤት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን መገመት ነበረብኝ። አልገመትኩም።

አሁን ወደ ክፉው ቀን ልምጣ።

የተሰጠኝ ማኑዋል በሦስተኛው ሳምንት የሚሠራ መልመጃ ነበረው። ልጆቹ ስማቸውን ሳይጽፉ ሦስት ጥያቄ ይመልሳሉ። ስለ ራሳችሁ ምን ታስባላችሁ? ስለ እነሱስ? እነሱ ስለ እናንተ ምን የሚያስቡ ይመስላችኋል? ከዚያ ወረቀቶቹ ይደባለቁና አወያዩ ጮክ ብሎ ያነባቸዋል። ገና አልተግባቡም፣ ወደ ስድስተኛው ሳምንት ይገፋልን ብዬ የፕሮግራሙን ኃላፊ ጠየቅኩ። "የሩብ ዓመት ሪፖርት ደርሷል፤ መመሪያው ላይ ያለው ይሠራ" አለኝ። እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ልጆቹን የማውቃቸው እኔ ነበርኩ፤ እሱ አንዳቸውንም አይቶ አያውቅም።

የጻፉት ነገር ግን ዕንቁ ነበር፤ ይህን አልክድም። የድሃዎቹ ልጆች ስለ ራሳቸው "ጓደኛችንን አንከዳም"፣ "የሚረዳን ስለሌለ ራሳችንን እንረዳለን" ብለው ጻፉ። ስለ ሌሎቹ ደግሞ "ሞጃዎች፣ በአባታቸው ገንዘብ የሚኮሩ"፣ "እኛ ስንመታቸው ፖሊስ ይመጣል፣ እነሱ ሲመቱን ዝም ይባላል" አሉ። የሀብታሞቹ ልጆች ስለ ራሳቸው "እኛ ነገር አንፈልግም"፣ "ሰው የሚጠጋን ለጥቅም ነው"፣ "ብወድቅ ቤት አልገባም" አሉ። ስለ ሌሎቹ "ዱርዬዎች"፣ "የሚያጡት ነገር ስለሌለ አይፈሩም"። ሁለቱም ወገን ራሱን የሚያየው እንደ ተበዳይ ነው። "እኔ ነኝ የጀመርኩት" የሚል አንድም ወረቀት አልነበረም።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ነው። ከድሃዎቹ 5ቱ "እንደ ሌባ ያዩናል" ብለው ጽፈዋል። በሌላው ወገን ወረቀት ላይ ግን "ሌባ" የሚለው ቃል የተጻፈው አንዴ ብቻ ነው። የሀብታሞቹ ልጆች "ሴታ ሴት ናቸው ይሉናል" ብለዋል፤ ያን የጻፈ ማንም የለም። ልጆቹ የሚደባደቡት ከተባለው ጋር ሳይሆን ይባላል ብለው ካሰቡት ጋር ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኬኔት ዶጅ በ1980 ባሳተመው ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው። ሆን ተብሎ ይሁን በስህተት ያልለየለት ነገር ሲደርስባቸው፣ ተደባዳቢ የሆኑ ወንዶች ልጆች ሆን ተብሎ እንደተደረገባቸው ቆጥረው ይመልሳሉ። መንገድ ላይ ትከሻ ለትከሻ መነካካት ለእነሱ ስድብ ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። ወረቀቶቹን ቤት ወስጄ አንብቤ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ጭብጡን ብቻ ብነግራቸው ይበቃ ነበር። እኔ ግን እዚያው እየገለጥኩ ማንበብ ቀጠልኩ። ዘጠነኛው ወረቀት ሦስት መስመር ነበር።

"እናቴ የእነሱን ልብስ ታጥባለች። እጇ በሳሙና ተላልጧል። ስሟን እንኳ አያውቁም።"

ከማንበቤ በፊት ዓይኔ አይቶታል። አንድ አፍታ ቆም ብያለሁ። በዚያች አፍታ ያሰብኩት ስለ ጻፈው ልጅ አልነበረም። "ይህ ልባቸውን ይነካል" ነው ያልኩት። እንዲያውም ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ቃል በቃል እየለየሁ አነበብኩት። ኃላፊው ላይ ብዙ ቅሬታ አለኝ፤ ይህችን አፍታ ግን በእሱ ማላከክ አልችልም።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከሀብታሞቹ ወገን ኮፍያ የማያወልቀው ልጅ ፊቱ ቀላ። "እኔ ስሟን አውቃለሁ" አለ። ከዚያ "እትዬ" ብሎ ከነስሟ ጠራት። "እኛ ቤት ነው የምትሠራው። ስሟን አውቃለሁ፣ ሁልጊዜ ሰላም እላታለሁ።"

ራሱን መከላከሉ ነበር። የተጻፈው ውሸት መሆኑን ማስረዳቱ ነበር። ነገር ግን ስሟ ከአፉ ሲወጣ የሁሉም አንገት ወደ አንድ ልጅ ዞረ። ያ ዝምተኛ ልጅ እናቱ ምን እንደምትሠራ ለራሱ ጓደኞች እንኳ ተናግሮ አያውቅም ነበር። ከራሱ ወገን አንዱ ሳቀ። ከሀብታሞቹ አይደለም፤ ከራሱ ወገን።

ልጁ ተነሳ። ወንበሩን አንስቶ ወደ ክቡ መስመር አስተካክሎ አስቀመጠው። ከዚያ ወጣ። በሩን እንኳ አልወረወረም።

ባለ ኮፍያው "ምን አጠፋሁ፣ ቲቸር?" አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። የምመልስለት አጣሁ።

በማግስቱ ሌላ ጥፋት ጨመርኩ። ሪፖርቱ "የልጆቹ ሥራ ናሙና" በአባሪነት ይያያዝ ስለሚል 12ቱንም ወረቀቶች ለቢሮው አስረከብኩ። ስለተጠየቅኩ ብቻ።

ዝምተኛው ልጅ ሦስት ሳምንት ቀረ። አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እስከዚያ ድረስ "እርስዎ" ነበር የሚለኝ። ያን ቀን "ወረቀቴን ስጠኝ" አለኝ። አንቱታው የቀረብኝ በሥራዬ ነው።

ቢሮው ሄድኩ። መጀመሪያ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ሁለተኛ ቀን አገኘሁት። "መዝገብ ውስጥ የገባ ሰነድ አይወጣም። ደግሞ ስም የለውም እኮ፣ ማን ያውቀዋል?" አለኝ። ይህ አነጋገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። በ12 ልጆች መካከል የእጅ ጽሑፍ ስም ነው። "እናቴ" የሚለው ቃል ስም ነው። ሦስተኛ ቀን ወደ እሱ አልሄድኩም። መዝገብ ቤት ወርጄ ለሠራተኛዋ እንዳለ ነገርኳት። ፋይሉን ከፈተች፣ አገላበጠች፣ ወረቀቱን አወጣችና ሰጠችኝ። "እኔም ወንድ ልጅ አለኝ" አለች። ሌላ አልተናገረችም።

በነዚያ ሳምንታት ማኑዋሉን ዘግቼ ሥራውን እንደ አዲስ ጀመርኩ። ወሬውን ትቼ የተሰባበሩ የተማሪ ዴስኮች ጠገና አመጣሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሙዛፈር ሸሪፍ በ1954 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ 22 ልጆችን ሁለት ቡድን አድርጎ ካጣላ በኋላ፣ አብረው ፊልም እንዲያዩና እንዲበሉ ቢያደርጋቸው ምግብ ተወራወሩ። ያቀራረባቸው የቆመ መኪና በገመድ አብረው መጎተታቸውና የተዘጋ ውኃ አብረው ማስከፈታቸው ነው። ሌላው የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርትም በዚያው ዓመት መገናኘት ብቻውን እንደማይበቃ ጽፏል፤ በዚያ ቦታ እኩል መሆን፣ የጋራ ግብና መተባበር ያስፈልጋል ብሏል። እኔ "ማገናኘት" የሚለውን ብቻ ይዤ ነበር የገባሁት።

ጠገናውም በመጀመሪያው ቀን ሊበላሽ ነበር። የድሃዎቹ ልጆች መዶሻ ለምደዋል። የሀብታሞቹ ምስማር ሲያጣምሙ ሳቅ ሆነ። መበላለጡ ተገለበጠ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ የሀብታሞቹን ለብቻቸው ጠርቼ መሰርሰሪያ አስተማርኳቸው፤ የድሃዎቹን ደግሞ ለብቻቸው መለካትና ንድፍ ማንበብ። ከዚያ ከየወገኑ አንድ አንድ እያደረግሁ አጣመድኳቸው። አንዱ ያለ ሌላው ዴስኩን መጨረስ አይችልም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤሊየት አሮንሰን በ1971 ኦስቲን፣ ቴክሳስ ውስጥ ለተማሪዎች ትምህርቱን ቆራርሶ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ቁራጭ የሰጠው በዚሁ መንገድ ነው። በጥንድ ሲሆኑ የሚስቅ አይኖርም። የሚስቁት ጓደኛ ሲያያቸው ነው።

በዚህ ላይ ከማኑዋሉ ጋር በፍጹም አልስማማም። ማኑዋሉ "ችግር ፈጣሪዎች ብቻ ይመረጡ" ይላል። ተመራማሪው ቶማስ ዲሽዮንና ባልደረቦቹ በ1999 ያሳዩት አስቸጋሪ ጎረምሶችን አንድ ላይ ማጎር አንዳንዴ ጥፋታቸውን እንደሚያባብሰው ነው፤ አንዱ ሲያጠፋ ሌላው በሳቅ ይሸልመዋል። ያቺ ሳቅ በእኔ ክፍል ምን እንዳደረገች አይቻለሁ። ግማሾቹ ረጋ ያሉ፣ ምንም ያላጠፉ ልጆች ይሁኑ። ኃላፊ ቢቆጣም ይቆጣ።

ወረቀት የምታጽፉ ከሆነም ሦስተኛውን ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። የማንንም ዓረፍተ ነገር እንዳለ አታንብቡ፣ ስም ባይኖረውም። ከዚያ ወረቀቱን ለጻፈው ልጅ መልሱለት።

ወረቀቱን በአስረኛው ሳምንት ለዝምተኛው ልጅ ሰጠሁት። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ አልመለሰልኝም። ሌሎቹ ዴስኮቹን ቀለም እየቀቡ ነበር፤ ባለ ኮፍያው ከሩቅ እያየን ነው። ልጁ ሦስቱን መስመር ቀስ ብሎ አነበበ። እስክሪብቶ ጠየቀኝ። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ የመጨረሻውን መስመር ሰረዘው።

"ይሄ ውሸት ነው" አለኝ። "ሌላው ግን እውነት ነው።"

አጥፎ ኪሱ ከተተው። እስክሪብቶዬን መለሰልኝ።