ከባነሩ ወደ ወጌሻው ቤት

ልጄ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ተገረዘ። ማታ የታሰረበትን ጨርቅ ስፈታ ደም በደም ሆኗል። "ትንሽ ይደማል፣ ያልፋል" አሉኝ። በሦስተኛውም ቀን አላለፈም። ያኔ ያልተባለ ነገር የለም። አንዷ ዓይን ነው አለች፣ ሌላዋ የገራዡ እጅ ክፉ ነው አለች። የባለቤቴ ዘመዶች ደግሞ ዞር ብለው እኔን አዩኝ።

ሄሞፊሊያ የሚባል ነገር የሰማሁት ልጁ ድክ ድክ ማለት ጀምሮ ጉልበቱ በየጊዜው ሲያብጥ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ፣ ፋክተር የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። የእሱ የጎደለው ፋክተር 8 ነው። ከ5,000 ወንድ ልጆች አንዱ ላይ ይታያል። ሰው የሚፈራው ቁስሉን ነው፤ ልጆቹን አንካሳ የሚያደርገው ግን ሳይታይ መገጣጠሚያ ውስጥ የሚፈሰው ደም ነው።

ለዓመታት ደበቅኩት። ልጁ ትምህርት ቤት ገባ፣ አንድ ቀን ረበሸ ተብሎ ተንበረከከ። በዚያ ጉልበት! ሳምንት ሙሉ አልተራመደም። መምህሩን ልጣላው ሄድኩና ፊቱን ሳየው አፌ ተያዘ። መች ነገርኩት?

ሚያዝያ 9 የዓለም ሄሞፊሊያ ቀን ነው። ባነር አሠርቼ እድራችን አዳራሽ በር ላይ ሰቀልኩ። ስብሰባው ላይ ዐሥር ደቂቃ ሰጡኝ። ስለ ፋክተር፣ ስለ ክሮሞዞም ዘበዘብኩ። አንድ አባት "ልጄ፣ ይተላለፋል እንዴ?" ብለው ጠየቁ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም አልኩ። ወዲያው ወደ ድንኳኑ ጉዳይ ተመለሱ። ባነሩን ከወር በኋላ የጎረቤቴ ዶሮ ቤት ጣሪያ ላይ አገኘሁት።

ነገሩ የገባቸው ቡና ላይ ነው። "ወተት አልረጋ ሲል አታውቁም? የልጄ ደም እንደዚያ ነው" አልኩ። ሴቶቹ ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ "ታዲያ እርጎ ቢያዘወትርስ?" አትለኝም! ሳቄ መጣ። ግን ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ምሳሌ ስትሰጥ ሰው ይዞት የራሱን መንገድ ይሄዳል። አሁን ስለ እርጎው ሳወራ "ምግብ አይተካውም፣ የጎደለው በደም ሥር ነው የሚሰጠው" የሚለውን አብሬ እናገራለሁ። ስለ ዘሩም እንዲሁ። አዎ፣ በእናት በኩል ይመጣል። ግን ከሦስት አንዱ ገደማ በቤተሰቡ ታይቶ የማያውቅ ነው። ይህን ስናገር አማቴ ጀበናውን ይዘው ቆመው ይሰሙ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ሰፈሩን ሁሉ ማስተማር ትቼ ልጄን የሚነኩትን እጆች መቁጠር የጀመርኩት። ገራዥ። መምህር። መርፌ የሚወጋው ልጅ፤ ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ ለእነዚህ ልጆች አይሆንም፣ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክም እንዲሁ። ይህንኑ በሦስት መስመር አማርኛ ጽፌ፣ ላስቲክ አስለብሼ ልጄ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ከባነሩ ይልቅ የተነበበችው እሷ ናት።

የፈራሁት ወጌሻውን ነበር። ያበጠ ጉልበት በቅቤ ማሸት እንጀራቸው ነው። አትሹ ብል ያባርሩኛል ብዬ ነበር። ሄጄ ነግሬያቸው ስጨርስ ግን ቅቤ የነካ እጃቸውን ጨርቅ ላይ እየጠረጉ ቆዩና "አንድ ልጅ ነበር" አሉ። "ባሸሁት ቁጥር የሚብስበት። እኔ አጋንንት መስሎኝ ጠበል ላክሁት።" አልወቀስኳቸውም። አንድ ጥያቄ ብቻ ሰጠኋቸው፦ ወንድ ልጅ ሳይወድቅ ጉልበቱ አብጦ ከመጣ፣ ሲገረዝ ብዙ ደምቶ እንደነበር እናቱን ይጠይቁ። ደምቶ ከሆነ አያሹት። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ያድርጉለትና ሆስፒታል ይላኩት።

እዚህ ላይ የምቆጨው አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ ወደ እሳቸው ብሄድ ኖሮ ሁለት ዓመት ባላባከንኩ።

ባለፈው ክረምት ስልኬ ጮኸ። ወጌሻው ናቸው። "ያችን ጥያቄ ጠየቅኋት" አሉኝ።

"እሺ?"

"እናትየው አለቀሰች።"

"አይንኩት፣ መጣሁ" ብዬ ነጠላዬን ፍለጋ ገባሁ።