በክረምት የሚመጣ እንግዳ

ሰኔ፣ ማታ

የአክስቴ ልጅ ሐምሌ ላይ ባሏንና ሁለት ልጆቿን ይዛ ከሜሪላንድ ትመጣለች። ልጆቹ ተወልደው ያደጉት እዚያው ነው፤ ኢትዮጵያን የሚያውቋት በአያታቸው ስልክና በበዓል ዶሮ ወጥ ነው። "የት ልውሰዳቸው?" ብላ ከጠየቀችኝ ጀምሮ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ሳማክር ሰነበትኩ። ምክር ያጣ ሰው አላጋጠመኝም። ቢሯችን ያለችው የሂሳብ ሠራተኛ "አርባ ምንጭ ነዋ! የጫሞን አዞ ሳያዩ ሊመለሱ?" አለችኝ። ወንድሜ ከባሌ ወዲያ ላሳር ብሏል። ላሊበላን የጠራልኝ ሰውማ ብዛቱ!

ሁሉም ከልባቸው ነው። ጠጋ ብዬ "መቼ ነው የሄድከው? በምን ሄድክ?" ስል ግን ወሬው ይቀዘቅዛል። አንዱ የሄደው ከስንት ዓመት በፊት በመሥሪያ ቤት መኪና ነው። አንዷ ለጫጉላ በአውሮፕላን። ወንድሜ ደግሞ ጥር ላይ በጓደኛው ላንድክሩዘር። ለእኔ የሚበጀኝ ባለፈው ወር ከራሱ ኪስ ከፍሎ፣ ልጅ ይዞ ደርሶ የመጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው እንደ ልብ አይገኝም፤ ሲገኝም ቦታውን ማሞገስ አይሆንለትም፤ ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ምሳና ረዳቱ ስለጨመረበት ሂሳብ ነው የሚያወራው። እሱን ነው ቁጭ ብዬ የምሰማው።

ትልቁ ጣጣ ወሩ ነው። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን የሚመጡት የልጆች ትምህርት ሲዘጋ ነው፤ ያ ደግሞ ለእኛ ድፍን ክረምት ነው። ፖስተር ላይ የምትታየው ኢትዮጵያ፣ አደይ አበባው፣ ጥርት ያለው ሰማይ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠው ጭላዳ፣ የመስከረምና የጥቅምት ናት። ሐምሌ ላይ ስሜን ተራራ የወጣ ሰው ጉም አይቶ ይመለሳል። ባሌም ቢሆን ያው ነው። ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚኬድበት የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በደረቁ ወቅት እንኳ ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል፣ በክረምት ደግሞ ጭጋጉ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ ላያሳይ ይችላል። ዩኔስኮ ፓርኩን በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ወንድሜ ይህን በተከራከርን ቁጥር ያነሳብኛል። መመዝገቡ ዝናቡን አያቆመውም። ዳሎልን ያነሳልኝ ወዳጄንማ ሳቅኩበት። ሰው ወደዚያ የሚወርደው በጋ ላይ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ አካባቢ ነው። በሐምሌ ሐሩር፣ ያውም ልጅ ይዞ!

ለሂሳብ ሠራተኛዋ ግን ሐቋን ልስጣት። የአርባ ምንጭ ዋናው ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ስለሆነ ሐምሌ ላይ ከደጋው ይሻላል። ዶርዜ ወጥቶ በቆጮ ማር መብላትም ለልጆች ጥሩ ነው። ላሊበላን በተመለከተ፣ ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የተነሳ በመኪና ሂዱ ብዬ ቤተሰብ አልልክም። በአውሮፕላን ደርሰው የሚመለሱ አሉ። እሱም ቢሆን በሄዱበት ሳምንት እዚያው ያለ ሰው ተጠይቆ ነው እንጂ፣ በእኔ የድሮ ትዝታ የሚወሰን አይደለም።

እኛ እንዲህ ስንከራከር አክስቴ በአንድ አፍ ዘጋችው። "የቁልቢ ስለት አለብኝ" አለች። ታናሹ ልጅ ሕፃን ሳለ በጠና ታሞ ነበርና ያኔ የተሳለችው ነው። ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ጥላ ገዝታ፣ በነጠላ ጠቅልላ፣ በላዩ ፌስታል ደርባ አልጋዋ ሥር ካስቀመጠች ቆይታለች። ልጁን ይዛ ነው የምታስገባው። የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ደግሞ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ነው፤ እንግዶቻችን የሚደርሱት ከሐምሌው ትንሽ ቀደም ብለው። በቃ፣ መዳረሻው ተመረጠ፦ ቁልቢ፣ ድሬዳዋ፣ ሐረር። እውነቴን ነው፣ እኔም ተገላገልኩ። ለክረምትም ቢሆን መጥፎ ምርጫ አይደለም።

የቀረው እንዴት እንሂድ የሚለው ነበር። ለዚህ ጎረቤታችን ጋሼ አሉ፤ ዕድሜያቸውን በአገር አቋራጭ መሪ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ቡና ላይ አገኘኋቸው። እሳቸው ቦታ አያሞግሱም፤ መንገዱን ብቻ ነው የሚያወሩት። "በዋዜማው እንዳትነሳ፤ መንገድ ላይ ታድራለህ" አሉኝ ገና ስጀምር። "እስከ አዳማ በፈጣኑ መንገድ ትወርዳለህ። ከዚያ እስከ ሚኤሶ ቆላ ነው፤ ልጆቹ ይተኛሉ። አሰበ ተፈሪን ይዘህ ጨርጨርን ሽቅብ ስትል ነው ጉዱ። ሎሚና ፌስታል ከእጅህ አይለይ። ከኋላ ጎማ በላይ ያለ ወንበር አትያዝ፣ ከመሀል ያዝ። ልጅ ጋቢና አይቀመጥም። 'ሞልቷል፣ አንድ ሰው ብቻ!' ቢልህ ረዳቱን አትመን፤ ከተሳፋሪው ግማሹ የራሱ ሰው ነው፣ ሊነሳ ሲል ይወርዳሉ።"

ጋሼ ያልነገሩኝ የመስኮቱን ነገር ነው፤ እሱን እኔ አውቀዋለሁ። አሜሪካ ያደገ ልጅ ሚኒባስ ውስጥ ሲሞቀው መስኮት ይከፍታል። ወዲያው ከኋላ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው "የኔ ልጅ፣ ዝጋው እባክህ፣ ንፋሱ ይመታኛል" ይላሉ። ይዘጋል። ላብ በላብ ሲሆን ደግሞ በጣት ያህል ይከፍታል። "ኧረ ልጄ!" አሁን ሁለት ሰው ተጨምሯል፤ አንዱ ስለ ምች ማስረዳት ጀምሯል። ለአክስቴ ልጅ በድምፅ መልእክት ስነግራት ሳቋ አላስጨረሰኝም። "ታላቁ ይከራከራቸዋል" አለችኝ። ይከራከር፤ አይረታቸውም።

የባቡሩን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጋሼ አልወደዱትም። "ባቡር መንገድ ዳር ቆሞ ሻይ አያጠጣህም" አሉ። እውነት ነው። ግን ልጆች ተነስተው ይንጎራደዱበታል፣ ጠመዝማዛ የለውም፣ አዋሽ አካባቢ የሚታየውም ጥሩ ነው። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው የጅቡቲው መስመር የሚነሳው ከለቡ ነው፤ ከመሀል ከተማ ለቡ መድረስ በራሱ አንድ ጉዞ ስለሆነ በጠዋት ራይድ መጥራት ያስፈልጋል። ድሬዳዋም ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው። መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይጠየቃል፣ ሻንጣ ይፈተሻል። ግመል ወይም ከብት ሐዲዱ ላይ ከገባ ባቡሩ ይቆማል፤ ስለዚህ በደረሰበት ሰዓት ሌላ ቀጠሮ አይያዝም።

ባቡሩ ቁልቢ አይደርስም። አይገርምም፤ ድሮም የፈረንሳዮቹ ባቡር ተራራውን ሽሽት ነው ሐረርን ትቶ በቆላው ያለፈው። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ የደረሰበት ባዶ ሜዳ ነው ድሬዳዋ የሆነው፤ መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ይባል እንደነበር ለታላቁ ልጅ ልነግረው አስቤያለሁ። መጓጓዣ ከተማ ሲወልድ በዓይኑ ያያል፤ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ቀጥ ቀጥ ያሉትን ባለ ዛፍ መንገዶች ማየት ይበቃል። ስለዚህ ድሬዳዋ ወርደን፣ በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ሽቅብ ወጥተን፣ መገንጠያው ላይ በቀኝ ወደ ቁልቢ፣ በግራ ወደ ሐረር ነው። ዞሮ ዞሮ ሎሚው አልቀረም።

ድሬዳዋ ላይ ሁለት ነገር ነግሬያታለሁ። አንደኛው፣ ከምሳ በኋላ ምንም አታቅዱ፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ባለሱቁ ይተኛል ወይም ይቅማል፣ ከተማው ነፍስ የሚዘራው ፀሐይ ስትበርድ ነው። ሁለተኛው የደቻቱ ወንዝ ነው። ደረቅ አሸዋ ሆኖ ሲታይ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጅም ኳስ ይጫወትበታል። በ1998 ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል፤ ውኃው ከላይ ከተራራው ስለሚወርድ ከተማው ላይ ባይዘንብም ይመጣል። ደመና ወደ ደንገጎ በኩል ከጠቆረ ልጆቹ አሸዋው ላይ አይገኙም። ቤተሰብ ሲመክር ይህን አይነግርም፤ የድሬን ሽሮና የድሬን ጨዋታ ነው የሚነግረው።

ሐረር ብዙ ምክር አይፈልግም። በግንብ በታጠረው በጀጎል ውስጥ መኪና ራስ ምታት ነው፤ በር ላይ ወርዶ በእግር ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ የምትገባዋ መኪና ግርግር የምትባለው ቀጭን መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዎቹ ደጃፍ ላይ ሲንጀሮቻቸውን ደርድረው ይሠራሉ፤ ጨርቁን ከጎን ሱቅ ገዝቶ እዚያው ማሰፋት ይቻላል። ለትንሹ ቀሚስም ሆነ ሽርጥ፣ የመረጠውን። ማታ ጅብ ሲበላ ማየት ነው፤ ለዚህ ባጃጅ ይበቃል፣ ዋጋው ግን የደርሶ መልስ ተብሎ አስቀድሞ ይነገር። አለዚያ ባጃጁ ጥሎ ይሄዳል፤ ከጅቦቹ ጋር ቀርቶ በእግር መመለስ ደግሞ ለእንግዳ አይሆንም።

መካሪው እኔ ብቻ አይደለሁም። ጥቅምት ላይ ለሥልጠና ዋሽንግተን እሄዳለሁ፤ በልዋጩ የአክስቴ ልጅ ልትመክረኝ ተስማምተናል። ከደለስ አየር ማረፊያ እስከ ቤቷ እንዴት እንደምመጣ ስጠይቃት "ኡበር ያዝ፣ ወይ ሽፍት ከሌለኝ አነሳሃለሁ" አለች። ከዚህ በላይ አታውቅም፤ እዚያ አገር ስትኖር ዘመኗ ነው፣ ግን የምትሄደው በመኪናዋ ነው። መንገዱን የነገረኝ ዲቪ ደርሶት በቅርቡ የገባው የባሏ ወንድም ነው፤ መኪና የለውማ! የሜትሮው ሲልቨር ላይን ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደለስ ድረስ ይመጣል። ሜትሮ ሴንተር ወርደህ ቀዩን መስመር፣ ግሌንሞንት የሚለውን ትይዛለህ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትወርዳለህ። ካርዱን ስማርትሪፕ ይሉታል፣ ስልክ ላይ ይጫናል። ሻንጣ ካበዛህ ሊፍቱን ፈልግ፣ ደረጃውን አትሞክር። ሁሉንም በአንድ የድምፅ መልእክት፣ ከኋላው የባቡር በር ሲዘጋ እየተሰማ። እህትዬዋም አዳምጣ "እኔ እኮ አላውቅም ነበር!" አለች።

ለባሏ ደግሞ ስለ ሰዓት ለብቻው ጽፌለታለሁ፤ ብዙ ዓመት ስለቆየ እጁ ላይ ያለውን ነው የሚያምነው። አውሮፕላን ትኬት ላይ 07:00 ካለ የእኛ አንድ ሰዓት ነው። የሚኒባስ ሹፌር "አስራ ሁለት ሰዓት" ካለው ግን ጎህ ሲቀድ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ሻንጣውን ይዞ ቢመጣ መኪናው አሰበ ተፈሪን አልፏል። ሲመለሱ ከድሬዳዋ በአውሮፕላን ይሁን ብለናል። ወደ አገር ቤት የሚመጡት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ስለሆነ ለአገር ውስጥ በረራው ቅናሽ ያገኛሉ፤ ሲቆርጡ የዓለም አቀፉን ትኬት ማሳየትን እንዳይረሱ ብያለሁ።

ያላለቀው አልጋ ነው። በንግሡ ሰሞን ድሬዳዋ ላይ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው፣ የተገኘውም ዋጋው ሌላ ነው። ዛሬ የደወልኩለት ሆቴል "ለ18 እና ለ19 የለንም፣ ለ21 ግን እንደፈለጉ" አለኝ። ንግሡን ተሳልመን እዚያው ቁልቢ በድንኳን እንደር የሚል ሐሳብ አቀረብኩ፤ ታላቁ ልጅ በጣም ወዶታል፣ እናቱ ግን ዝናቡን ጠቅሳ ዝም ብላለች። ነገ ጋሼ የሚያውቁት የድሬ ሰው ጋ እንደውላለን፤ ግቢ ውስጥ ክፍል የሚያከራይ አለ ብለዋል።

አክስቴ ደግሞ አሁን ማምሻውን ደውላ ከድሬዳዋ ቁልቢ በእግሯ እንደምትወጣ ነገረችኝ። በእግሩ የሚወጣ ምእመን ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። ጉልበቷንም አውቀዋለሁ። "ከማን ጋር?" ስላት "ከልጅ ልጄ ጋር" አለች። ለልጁ እናት ገና አልተነገራትም።