ሞተርህ ተስማማችህ?

ሰሞኑን ሞተር ያለው ሰው ባገኘሁ ቁጥር ይቺን ጥያቄ እጠይቃለሁ። «ሞተርህ ተስማማችህ?» ጎንደር ፒያሳ ቆሞ ሰው የሚጠብቀውን፣ ጎሚስታ ቤት አጠገቤ ተራ የያዘውን፣ አዘዞ መንገድ ላይ የቤንዚን ወረፋ ውስጥ ከፊቴ ያለውን ሁሉ ጠይቄያለሁ። የሁሉም መልስ አንድ ነው። «አሪፍ ናት!» ይላል፣ ሰልባትዮዋን፣ የቤንዚን ቋቷን፣ መታ መታ እያደረገ።

የምጠይቀው ለወሬ አይደለም። የራሴን ሞተር ልሸጥ ነው። በምትኳ የትኛዋን ልግዛ የሚለው ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ገንዘቡ የስንት ዓመት ቁጠባ ነው፣ ሁለተኛ መሳሳት አልችልም።

ቆይቶ ነው ጥያቄዬ ራሱ ልክ እንዳልሆነ የገባኝ። ዕቁብ ጥሎ፣ ከወንድሙ ተበድሮ፣ ያን ሁሉ ብር ከፍሎ ሞተር የገዛ ሰው መንገድ ላይ ላገኘው ሰው «ተሳስቻለሁ» አይልም። ለራሱም አይልም። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ ለራሴ አላልኩም። ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርኩት። «ይቺ ሞተር ዛሬ ብትጠፋና ብርህ ሳይጎድል ቢመለስልህ፣ ነገ ያችኑ ነው የምትገዛው?»

እንዲህ ስትለው ሰው ዝም ይላል። ሞተሩን ከላይ እስከ ታች ያያታል። ከዚያ ነው እውነተኛው ወሬ የሚጀምረው።

ደምቢያ ውስጥ፣ ቆላ ድባ በኩል የሚሠራ የግብርና ባለሙያ ጓደኛ አለኝ። የሚነዳው የመሥሪያ ቤቱን ያማሃ ኤጂ ነው። አልመረጣትም፣ ተሰጠችው። መልኳ ዓይን አይሞላም፤ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ ፖርቶ መጋላ ያላት፣ ለእርሻ ሥራ ተብላ የተሠራች ሞተር ናት። ጥያቄዬን ሳልጨርስ «ያችኑ!» አለኝ። ለምን ስለው የፊት ጎማዋን አሳየኝ። ፓራፋንጎው፣ ጭቃ መከላከያው፣ ከጎማው ራቅ፣ ከፍ ብሎ ነው የተሰቀለው። ደምቢያን በክረምት ያየ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ዋልካው ጎማ ላይ ይጠመጠማል። እየተጠመጠመ ይወፍራል። ፓራፋንጎዋ ዝቅ ያለ ሞተር ከሆነች ጭቃው መሀል ላይ ገብቶ ይጠቀጠቅና ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ አንተ ግን ንቅንቅ የለም። ከዚያ ወርደህ በእንጨት መፈልፈል ነው። ሃምሳ ሜትር ትሄዳለህ፣ እንደገና መፈልፈል። ጓደኛዬ አንድ ሐምሌ በተዋሰው ሞተር ሞክሮት ነበር። ፓራፋንጎውን ፈትቶ፣ በገመድ ጀርባው ላይ አስሮ ነው ከተማ የገባው።

ወደ መተማ የሚመላለሰው ነጋዴ ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረኝ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ ጋር ሲተያይ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡሬተር ይሄን አያውቅም፣ የለመደውን ቤንዚን መስጠቱን ይቀጥላል። አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ስለሚበዛ ካንዴላዋን፣ እሳት የምትሰጠዋን፣ ስትፈታት ጥላሸት ለብሳ ታገኛታለህ። ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል። ቤንዚን ትጠጣለች። መካኒኩ ይሄን ያውቃልና ለጎንደር ሲያስተካክላት ቤንዚኑን ይቀንስላታል፣ እሷም ትድናለች። ግን ያቺው ሞተር ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዳ ቆላ ስትገባ ነገሩ ይገለበጣል። አየሩ ይወፍራል፣ የተቀነሰው ቤንዚን አይበቃትም፣ በዚያ ላይ የአገሩ ሙቀት አለ፤ ትግላለች። ይሄ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ፒስተንና ፋሻ፣ ማለት የፒስተን ቀለበት፣ አስቀይሯል። «ሁለተኛ ካርቡሬተር አልገዛም፣ ኢንጄክሽን ነው የምፈልገው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ኢንጄክሽን ያላት ሞተር የአየሩን ግፊት በሴንሰር እየለካች ቤንዚኑን ራሷ ትመጥናለች። ችግሩ መንገድ ላይ ስትቆም ነው። ካርቡሬተር ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ ልጅ በየመንደሩ አለ። ሴንሰር የሚፈትሽ ግን እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ሁልጊዜ ሥራ ይበዛበታል።

የቤንዚን ነገር ረጅም አያስወራም። ወረፋው ሲጠና፣ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ዋጋው ሰማይ ሲነካ፣ ሳያማርር የሚነዳው አነስተኛዋን ባለ100 ሲሲ የያዘው ብቻ ነው።

ማራኪ አካባቢ ያገኘሁትን ልጅ ሳልጠቅሰው አላልፍም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ የያዘ፣ ብቻውን የሚኖር ልጅ ነው። ስፖርት ቅርጽ ያላት ሞተር አለችው፣ ታጥባ ተወልውላ ፏ ብላለች። «ነገም ያችኑ!» አለኝ፣ አመንኩት። ደስታው ፊቱ ላይ ይታያል። ከሥራ ወጥቶ ወደ አዘዞ ሜዳው ላይ ሲለቃት የሚሰማውን ነገረኝ፣ እኔም ስለማውቀው ፈገግ አልኩ። የሱና የኔ ሞተር እህትማማቾች ናቸው። እሱን ያስደሰተች ሞተር እኔን ለምን አላስደሰተችኝም? መልሱን ያገኘሁት ከእናቴ ነው።

የኔዋ ከአዲስ አበባ የመጣች ናት። በ2011 ሰኔ መጨረሻ ላይ ከተማዋ ሞተር ስትገድብ ባለቤቷ ወደ ጎንደር ላካት፣ ወንድሙ ጥቂት ጊዜ ነዳት፣ ከዚያ እኔ ጋ ደረሰች። 180 ሲሲ ናት። ሊብሬዋ ንጹህ፣ ድምጿ ንጹህ። ስገዛት ያየሁት ከፊት ነው። መብራቷን፣ ሰልባትዮዋን፣ ማኑብሪዮዋን። ተቀመጥኩባት፣ አስነሳኋት፣ ወደድኳት። ከኋላ ማን ይቀመጣል ብዬ አላሰብኩም።

እናቴ ወር በገባ በ7 ሥላሴ አትቀርም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ለመድረስ ከቤታችን ዳገት ነው። ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል። ሞተር ስገዛ ሰፈሩ ሁሉ «እንግዲህ እናትህ ዳገቱ ቀረላት» ነበር ያለኝ። የመጀመሪያው ሰባት ቀን ደረሰ። ማለዳ ነው፣ ነጠላዋን አደግድጋ ወጣች። ሞተሯን አስነስቼ ጠበቅኳት። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ እግሯን መርገጫው ላይ አነሳች፣ አልደረሰላትም። የኋላው ወንበር ወደ ላይ ተቀስሮ ወገቧ ጋ ነው የሚደርሰው። ድንጋይ ላይ አቆምኳትና እንደ ምንም ወጣች፣ በጎን ተቀመጠች። የምትይዘው ነገር የለም። ኮብልስቶኑ ላይ ገና ሃያ ሜትር ሳንሄድ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች፤ ጃኬቴን ጨምድዳ ይዛ «በስመ አብ» ስትል ሰማኋትና ቆምኩ። ወረደች። ነጠላዋን አስተካከለች። «ልጄ፣ አንተ ቅደም። እኔ በእግሬ እመጣለሁ» አለችኝ። ሞተሯን ሱቅ በር ላይ አቁሜ አብሬያት በእግሬ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ስለ ሞተሯ አንድም ቃል አልተናገረችም። እንዳላዝን ብላ ነው።

ከዚያ በኋላ ለሥላሴ ባጃጅ ኮንትራት እከፍልላት ጀመር። በር ላይ ሞተር ቆማ። ሰው ሲጠይቀኝ ግን «አሪፍ ናት» ነበር የምለው።

መካኒኬ ጋ ሄጄ ይሄን ስነግረው ሞተሯን ዞሮ በግራ ጎኗ በኩል ቁጢጥ አለ። «ና እየው» አለኝ። ከኋላው ጎማ በላይ ሦስት የቡሎን ቀዳዳዎች አሉ፣ ባዶ። ሦስት ዓመት ሳጥባት አይቻቸው አላውቅም። «እዚህ ላይ የብረት መከላከያ ነበረ። ለመልክ ብለው ፈተውታል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ይቺ ሞተር የህንድ ሥራ ናት። እዚያ ብዙ ሴቶች ሳሪ ለብሰው በጎን ነው የሚቀመጡት፣ ልክ እንደ እናቶቻችን። ረጅሙ ጨርቅ የጎማው ሽቦና ሰንሰለት ውስጥ ገብቶ ሰው እንዳይጥል፣ በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገሪቱ የተሽከርካሪ ደንብ ሦስት ነገር ያስገድዳል። የኋላው ሰው የሚይዘው መያዣ፣ የእግር መርገጫ፣ እና የኋላውን ጎማ ቢያንስ ግማሹን የሚሸፍን መከላከያ። ሰፊ የብረት መርገጫም አብሮት ሲመጣ ታያለህ፣ ሁለት እግር የሚያሳርፍ። እኛ አገር ሲደርስ ወይ ቀድሞ ተነስቷል፣ ወይ «ያስጠላል» ተብሎ ይፈታል። ነጠላ እኮ ከሳሪ በምን ይለያል? ጫፉ ሲበርር አይታችሁታል። ቀሚሱስ?

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፣ መካኒኬ ነው ያሳየኝ። ህንዶች የሚነዱት በመንገዱ ግራ ነው። በግራ ጎን የተቀመጠች ሴት እግሯ ወደ መንገዱ ዳር ይሆናል። እኛ በቀኝ ነው የምንነዳው፣ ስለዚህ እናቴ በግራ ስትቀመጥ እግሯ ወደ መኪናው ነው የሚወጣው። በቀኝ ትቀመጥ እንዳትል ማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው፣ እዚያ ነው፣ ያቃጥላታል። በእርግጥ እግርን ግራና ቀኝ አድርጎ መቀመጡ ይሻላል፣ ይሄን ማንም ያውቃል። ግን ቤተ ክርስቲያን በቀሚስ የምትሄድ የስድሳ ዓመት እናት እንደዚያ ትቀመጥ ማለት አትሂድ ማለት ነው። ስለዚህ የሚቻለው በዝግታ መንዳት፣ ከዳር አለመራቅ፣ ለሷም ሄልሜት መግዛት ነው። ሄልሜቱን ገዝቻለሁ።

መካኒኬ አንድ የሚያይበት ዘዴ አለው። ሰው ያገለገለ ሞተር ሊያስፈትሽ ሲያመጣ መጀመሪያ የሚያየው የኋላውን የእግር መርገጫ ላስቲክ ነው። አልቆ ከለሰለሰ «ይቺ ቤተሰብ ያመላለሰች ናት» ይላል። አዲስ ከሆነ ሞተሯ የምትመቸው ለአንድ ሰው ነው ማለት ነው። ይሄን ከሰማሁ ወዲህ መንገድ ላይ የማየው የኋላ መርገጫ ብቻ ሆኗል። የሚገርመው፣ ሁለተኛውን ጥያቄዬን «ያችኑ ነው የምገዛው» ብለው ከመለሱልኝ ባለትዳሮች የአብዛኞቹ መርገጫ ያለቀ ነው። አብዛኞቹ ደግሞ ቦክሰር ነው የሚነዱት። ቦክሰር ስል ባለሦስት እግሯን ባጃጅ የሚሠራው ያው ፋብሪካ የሚያወጣት ማለቴ ነው። መልኳን ልይ ብለህ ዞር አትልም። ወንበሯ ግን ረጅምና ጠፍጣፋ ነው። ከኋላ ሰፊ የብረት መያዣ አላት። ዕቃዋ በየሱቁ ይገኛል፣ ካንዴላም ሆነ ፍሪሲዮን ፍለጋ ባሕር ዳር አትደውልም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ባለ150 ሲሲ ቦክሰር አገኘሁ፣ ያገለገለች። ብቻዬን ሄጄ አላየኋትም። እናቴን ይዣት ሄድኩ። ሻጩ ግራ ገብቶት አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያያል። እኔ ሞተሯን ሳላስነሳ ያዝኩለት፣ እሷ ወጣች። ድንጋይ አላስፈለጋትም። በጎን ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ጭኗ ላይ አኖረችው። እጇ ራሱ ፈልጎ የኋላውን ብረት አገኘው፣ ያዘችው። ነቅነቅ አድርጋ ሞከረችው።

«እዚች ላይ የምይዘው አለኝ» አለች።

ቀብድ ከፈልኩ። ይቺም ሞተር የጎማ መከላከያ የላትም፣ ተፈትቷል። አዘዞ መንገድ ላይ ያለ ብየዳ ቤት ወስጃታለሁ። በግራ በኩል ሽቦውንም ሰንሰለቱንም አብሮ የሚሸፍን፣ ከሥሩ ሁለት እግር የሚያሳርፍ ጠፍጣፋ ብረት ያለው እንዲሆን ነግሬዋለሁ። ጠርዙን በሞረድ እንዲያለሰልሰው ሁለት ጊዜ ደግሜ ነገርኩት፣ ቀሚስ እንዳይቀድ። ሐሙስ ይደርሳል ብሎኛል። ሥላሴ ቅዳሜ ነው።