ለፕሪአምፕ ቺፕ ከመምረጣችሁ በፊት ቮልዩሙን ምረጡ

ፕሪአምፕ (ከአምፕሊፋየር በፊት የሚገባ መሣሪያ) ቤቱ መሥራት የሚጀምር ሰው ሁሉ «የትኛው ኦፕአምፕ (ሲግናል የሚያጎላ ቺፕ) ይሻላል?» ይላል። መልሱ ያለው ግን ከቺፑ በፊት የሚገባው የቮልዩም ፖቴንሽዮሜትር (የሚዞረው ሬዚስተር) ላይ ነው።

ባለ 100 ኪሎኦም ፖቴንሽዮሜትር ሲግናሉን እኩል ለሁለት በሚከፍልበት ነጥብ ላይ፣ ለቺፑ እንደ 25 ኪሎኦም ሬዚስተር ነው። ይህ ብቻውን 20 ናኖቮልት (በሄርትዝ ዳግም ዘር) ኖይዝ፣ ማለትም የሽሽታ ድምፅ፣ ያወጣል። ኤልኤም4562 የተባለውን ኦፕአምፕ ብዙዎች የሚገዙት የቮልቴጅ ኖይዙ 2.7 ናኖቮልት ብቻ መሆኑን አይተው ነው። የከረንት ኖይዙ ግን 1.6 ፒኮአምፒር ስለሆነ፣ በ25 ኪሎኦም ሲባዛ 40 ናኖቮልት ይመጣል። ኖይዝ የሚደመረው በካሬ ስለሆነ ጠቅላላው 45 ገደማ ይደርሳል። ርካሹ ቲኤል072 የራሱ 18 ናኖቮልት ቢኖረውም የከረንት ኖይዙ ከቁጥር አይገባምና 27 ላይ ይቆማል። ውዱ ቺፕ በርካሹ ተበለጠ ማለት ነው።

ፖቴንሽዮሜትሩን ባለ 10 ኪሎኦም አድርጉትና እንደገና አስሉት። ኤልኤም4562 ወደ 8፣ ሌላው ኦፕአምፕ ኤንኢ5532 ወደ 8.3፣ ቲኤል072 ወደ 19 ይሆናሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጆሮ አይለያቸውም። ስለዚህ ምርጫዬ 10 ኪሎኦም ከኤንኢ5532 ጋር ነው፤ ሲዲ ማጫወቻም ሆነ ዳክ (ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይረው መሣሪያ) 10 ኪሎኦምን ያለችግር ይነዳል። ምንጩ ባለ ቫኩም ቱቦ መሣሪያ ሆኖ 10 ኪሎኦም ከከበደው 100ውን አትንኩት፤ ቺፑን ግን የከረንት ኖይዙ ከቁጥር የማይገባውን ኦፒኤ2134 አድርጉ።

ኤንኢ5532 አንድ ጠባይ አለው፦ በግብዓቱ 200 ናኖአምፒር ገደማ ባያስ ከረንት (ቺፑ ለመሥራት የሚፈልገው ትንሽ ዲሲ ከረንት) ይስባል፣ እስከ 800 ሊደርስም ይችላል። ይህ ከረንት በፖቴንሽዮሜትሩ ውስጥ ካለፈ ቮልዩም ሲዞር የመቧጨር ድምፅ ይሰማል፤ ሰውም ደህናውን ፖቴንሽዮሜትር አውጥቶ ይጥላል። መፍትሔው ከፖቴንሽዮሜትሩ መሐል እግር ወደ ፒን 3 (የቺፑ ግብዓት) በሚሄደው መንገድ ላይ ፖላሪቲ የሌለው 10 ማይክሮፋራድ፣ ከፒን 3 ወደ ግራውንድ ደግሞ 100 ኪሎኦም ማስገባት ነው። በዚያ ሬዚስተር ላይ 20 ሚሊቮልት ገደማ ዲሲ ስለሚቀር፣ ውጤቱ (ሲግናሉ ከቺፑ የሚወጣበት እግር) ላይም 47 ማይክሮፋራድ ያስፈልጋል፤ እሱም ፖላሪቲ የሌለው ይሁን።

ዲጂታል ምንጮች 2 ቮልት ስለሚሰጡ ሁለት እጥፍ ማጉላት ይበቃል፦ ለፊድባክ (ከውጤቱ ወደ ግብዓት ለሚመለሰው መስመር) ሁለት የ1 ኪሎኦም ሬዚስተሮች። በፒን 8 እና በፒን 4 (በፓወር እግሮቹ) መካከል 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር፣ እግሩን አሳጥራችሁ ከቺፑ ሥር በየዱ። ይህ ሲዘነጋ፣ በተለይ በብሬድቦርድ ላይ፣ 55 ሜጋሄርትዝ የሚሄደው ኤልኤም4562 ኦሲሌት ያደርጋል (በራሱ ይርገበገባል)፤ ቺፑ ይሞቃል፣ ድምፁ ይሻክራል። ረጅም ኬብልም ይህንኑ ያመጣል፤ ለዚያ በየውጤቱ ላይ 100 ኦም በሲሪዝ ይግባ።

ፓወር ሳፕላዩን ስትሠሩ ደግሞ፣ 7815 (የ+15 ቮልት ሬጉሌተር) ከፊት ሲታይ እግሮቹ ግብዓት፣ ግራውንድ፣ ውጤት ናቸው፤ 7915 (የ-15 ቮልቱ) ግን ግራውንድ፣ ግብዓት፣ ውጤት ነው። አንድ ዓይነት ናቸው ብሎ የበየደ ሬጉሌተሩን ያቃጥላል።

ገበያ ላይ ሌላ ቺፕ ላዩ ተፍቆ ኤንኢ5532 ተብሎ ይሸጣል። እውነተኛው በሁለቱ ግብዓቶቹ መካከል ተቃራኒ የተገጠሙ ዳዮዶች አሉት፤ ቲኤል072 የለውም። ቺፑን ከሶኬቱ አውጥታችሁ ማልቲሜትሩን ዳዮድ ላይ አድርጉ፤ ፒን 2 እና 3ን፣ ከዚያም 5 እና 6ን፣ ገመዶቹን እያገላበጣችሁ ለኩ። በሁለቱም አቅጣጫ 0.6 ወይም 0.7 ቮልት ገደማ ካላነበበ ኤንኢ5532 አይደለም፤ ለሻጩ መልሱለት።