ድስቱ ሳይሆን ቢላዋው

ዛሬ ስለ ዱር እንስሳት ሥጋ ሳነብ ዋልኩ። ምሳዬም ቀረ፣ የምግብ ፍላጎቴ ተዘጋ።

እ.ኤ.አ. በ1996 በጋቦን ማይቡት በምትባል መንደር አቅራቢያ አንድ ቺምፓንዚ ጫካ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ወደ መንደር ገባ፣ ተገፈፈ፣ ተበለተ፣ ተበላ። ሥጋውን የነካኩት ሰዎች ታመሙ። ኢቦላ ነበር፤ በዚያ ወረርሽኝ 21 ሰዎች ሞቱ። እኔ አደጋው ድስቱ ውስጥ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቢላዋው ላይ ነው! በደንብ የበሰለ ሥጋ ቫይረሱ ይሞትበታል፤ ትኩስ ደም የነካ የቆሰለ ጣት ግን አለቀለት።

ጠዋት «ለምን በቃ አይከለክሉትም?» ባይ ነበርኩ። ማታ አፌን ያዝኩ። ኮንጎ ጫካ ውስጥ ላለች እናት ለልጇ የምታበላው ሥጋ እሱ ነው፤ ሌላ ከየት ታምጣ? ከተማ ወርዶ በውድ የሚሸጠውን ግን አሁንም ቢከለክሉት ደስ ይለኛል።