ውሳኔው እዚያው ይነበብ፦ ከሰበካ ጉባኤ አገልግሎቴ የተማርኩት

ቨርጂኒያ ውስጥ ባለች አንዲት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በሰበካ ጉባኤ አገልግያለሁ። መጀመሪያ ጸሐፊ ነበርኩ፤ በኋላ ምክትል ሊቀ መንበር ሆንኩ። ምእመኑ ግን በአጭሩ «ቦርዱ» ነው የሚለን።

መሠረታችን በ1965 ዓ.ም. የወጣው የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ፣ ቃለ ዓዋዲ ነው። ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አንድ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሊቀ መንበሩ የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው። አሜሪካ ሲሆን በዚህ ላይ የባንክ ብድር፣ ኢንሹራንስ፣ የሕንፃ ፈቃድና የፓርኪንግ ጣጣ ይጨመራል። በአንድ ምሽት ስለ በዓለ ንግሥ እንነጋገርና ወዲያው ስለ ጣሪያ እንከራከራለን።

ድሮ ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር። ሰው ከሌሊት ጀምሮ ቆሞ ደክሞታል፣ ርቦታል። ልጆች በር ላይ «እማዬ እንሂድ» ይላሉ። አጀንዳው በቃል ይነገራል፤ አንዱ ጉዳይ ሳያልቅ ሌላው ይነሣል። በሚቀጥለው ወር ስንገናኝ ደግሞ «ወስነናል»፣ «ኧረ አልወሰንንም» የሚል ክርክር ይጀመራል። እኔ እንዳየሁት ሰው የሚቀያየመው ባብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ክፋት ኖሮ አይደለም። ሁሉም ከስብሰባው የየራሱን ውሳኔ ይዞ ስለሚወጣ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የለመንኩት አንድ ነገር ነው። አንድ አጀንዳ ሲያልቅ ጸሐፊዋ የጻፈችውን ጮክ ብላ ታንብብልን። ምን ተወሰነ? ማን ይፈጽመዋል? እስከ መቼ? ስንት ብር ይወጣበታል? ከዚያ ሰብሳቢው «እንዲህ ነው የተስማማነው?» ብሎ ይጠይቃል። እስኪጣራ ድረስ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አንሄድም።

የጣሪያው ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። ዝናብ በመቅደሱ በኩል ሲያንጠባጥብ ሁላችንም ደነገጥን፤ «ቶሎ ይሠራ» ተባለ፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ጸሐፊዋ ስታነብ ግን እንዲህ አለች፦ «የሕንፃ ክፍሉ ከሦስት ተቋራጮች ዋጋ ሰብስቦ ለሚቀጥለው ስብሰባ ያቀርባል፤ እስከዚያ ክፍያ አይፈጸምም።» አንድ አባት ወዲያው እጃቸውን አወጡ። «እኔኮ የገባኝ ነገ እንዲጀመር ነው» አሉ። ሌሎችም እንደ እርሳቸው ነበር የገባቸው። ተነጋገርንበት። የሚያንጠባጥበው ቦታ ለጊዜው እንዲሸፈን፣ ትልቁ ሥራ ግን ዋጋ ተወዳድሮ እንዲሰጥ ተስማማን። ጥቂት ደቂቃ ነው የወሰደው። ባይነበብ ኖሮ አንዱ ሠራተኛ ጠርቶ ያመጣል፣ ሌላው «ማን ፈቀደልህ?» ይለዋል፣ ነገሩ ሽማግሌ ድረስ ይሄድ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ይህን ሁሉ መጻፍ የቢሮ አሠራር ነው፣ ለቤተ ክርስቲያን አይመጥንም ያሉ ነበሩ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15ን አብረን አነበብን። በኢየሩሳሌም ብዙ ክርክር ተደረገ። ጴጥሮስ ተናገረ፤ በርናባስና ጳውሎስ ተናገሩ። ውሳኔው ግን በቃል ብቻ አልቀረም። በደብዳቤ ተጻፈ፤ ይሁዳና ሲላስም በቃል እንዲያስረዱ አብረው ተላኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ቃለ ጉባኤ የተከራከረን የለም።

ከዚያው ምዕራፍ ሌላም ነገር አገኘን፤ እንዲያውም ለእኛ ይበልጥ የጠቀመን እርሱ ነው። የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበረው ያዕቆብ የተናገረው ሌሎቹ ከጨረሱ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ አባታችን መጀመሪያ ከተናገሩ ነገሩ አበቃ። ማን ከካህን አፍ ቀድሞ፣ ወይም ካህን ከተናገረ በኋላ «እኔ ግን» ይላል? ዝም እንላለን፤ የልባችንን ፓርኪንግ ላይ እናወራዋለን። አስተዳዳሪያችንን ለብቻቸው አግኝቼ «አባታችን፣ በአስተዳደር ጉዳይ ላይ መጨረሻ ቢናገሩልን» ብዬ ጠየቅኳቸው። በደስታ ተቀበሉኝ። «እኔም የምትሉትን ሳልሰማ መናገሩ ይከብደኝ ነበር» አሉኝ። የሃይማኖትና የሥርዓት ጉዳይ ሲሆን የእርሳቸው ነው፤ እኛ እንሰማለን። የሕንፃ፣ የብድርና የቅጥር ጉዳይ ሲሆን ግን ሁሉም ተናግሮ እርሳቸው ይቋጩታል። ሲናገሩ ሰምቻቸው የማላውቃቸው እናቶች መናገር የጀመሩት ከዚህ በኋላ ነው።

ስለ ስብሰባ ሥርዓት ካወራን ደስ የሚለኝ አንድ ታሪክ አለ። ሄንሪ ማርቲን ሮበርት የሚባል የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1863 በማሳቹሴትስ፣ ኒው ቤድፎርድ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ እንዲመራ ተጠየቀ። ስብሰባው ተበጠበጠበት። ያ ቁጭት ነው ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በየስብሰባው የሚሠራበትን የስብሰባ ደንብ እንዲጽፍ ያነሣሣው፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1876 ታተመ። እኛ ከዚያ አሠራር የወሰድነው ጥቂቱን ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ጉዳይ፣ ያልተናገረ ከተናገረ ይቀድማል፣ ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ ውሳኔ የለም። ቶሎ ቶሎ ድምፅ መስጠቱን ግን ተውነው። በድምፅ የተሸነፈ ወንድም እሑድ አጠገቤ ቆሞ ያስቀድሳል። ሕግ ወይም ባንክ ድምፅ ካልጠየቀን በቀር ተነጋግረን መስማማቱን እንመርጣለን፤ ጊዜ ቢፈጅም።

ቀኑንም ቀየርን። አሁን የምንሰበሰበው በሥራ ቀን ማታ ነው። ኡበር የሚነዱና ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ያላቸው በዙም ይገባሉ። ገንዘብና ቅጥር ሲኖር ግን በአካል ነው።

አጀንዳው ከነወረቀቱ ቀደም ብሎ በቴሌግራም ይላካል። ትልልቆቹ ቴሌግራም አይከፍቱም፤ ስለዚህ ደውዬ እነግራቸዋለሁ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ለሁሉም የምነግረው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ማንንም ለአንድ ወገን አልቀሰቅስም። ሰው ድንገት የሰማውን ነገር መጀመሪያ መቃወሙ የተለመደ ነው። ቤቱ ሆኖ ካሰበበት ግን የተሻለ ሐሳብ ይዞ ይመጣል።

ገንዘብ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። አሜሪካ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን እንደ ሌሎች በጎ አድራጎት ድርጅቶች ለአይአርኤስ (ለአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) በየዓመቱ ፎርም 990 የሚባለውን የገቢና የወጪ መግለጫ እንድትሞላ አትገደድም። ይህ ማለት ከውጭ የሚጠይቀን የለም ማለት ነው፤ ስለዚህ እኛው ራሳችንን መጠየቅ አለብን። ገንዘብ ያዡ በየስብሰባው አንድ ገጽ ያቀርባል፦ የገባ፣ የወጣ፣ ባንክ ያለ፣ ቀሪ ዕዳ። ሙዳየ ምጽዋት አንድ ሰው ብቻውን አይቆጥርም።

የአባል ዘመድ ለሥራ ሲወዳደር አባሉ ከክፍሉ ይወጣል። ይህ እኛ ዘንድ ከባድ ነው፤ «ተጠራጠራችሁኝ» ያስብላል። የረዳን ነገር ደንቡን ማንም ሳይወዳደር በፊት ማጽደቃችን ነው። ጣሪያው ሲመጣ ተቋራጭ ዘመድ የነበረው ወንድማችን ሳይነገረው ተነሥቶ ወጣ።

አሁን የተፈረመው ውሳኔ ከቅዳሴ በኋላ በማስታወቂያ ሰዓት ለምእመኑ ይነበባል። የካህናት የግል ጉዳይና የተቸገረ ሰው ስም አይነገርም፤ ሌላው ሁሉ ይነገራል። የቀረን የወጣቶቹ ነገር ነው። እዚህ የተወለዱት ልጆች «ምልዓተ ጉባኤ»፣ «ድምፀ ተአቅቦ» ስንል ይጠፋባቸዋል፤ ወንበራቸው ላይ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ባለፈው የሰንበት ትምህርት ቤቱን በጀት ራሳቸው አዘጋጅተው እንዲያቀርቡ ሰጠናቸው። አቀረቡ፤ ተጠየቁ፤ መለሱ። በሚቀጥለው የዓመቱን በጀት በሙሉ ከገንዘብ ያዡ ጋር አብረው ያዘጋጃሉ።