ከልጆቹ ጋር የዋልኩበት ቅዳሜ

ዛሬ እዚሁ ጅማ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ታዳጊዎች የአቻ ቡድን ጋር ዋልኩ። ፎቶ አልለጥፍም፤ የልጆቹ ምስጢር የራሳቸው ነው።

አብዛኞቹ ቫይረሱ በደማቸው እያለ የተወለዱ ናቸው። ትንሽ ሳሉ መድኃኒቱን የሚሰጣቸው ቤተሰብ ነበር። ከፍ ሲሉ ኃላፊነቱ ወደነሱ ይዞራል፤ መሰላቸቱም ያኔ ይመጣል።

አንዲት አዲስ ልጅ የጃኬቷን ዚፕ እስከ አገጯ ዘግታ ጥግ ይዛለች። ነርሷ ብታናግራት ዝም። የቡድኑ አስተባባሪ፣ እሱም ከልጅነቱ መድኃኒት ላይ ያለ ወጣት፣ አጠገቧ ቁጭ አለ።

"እኔ ብልቃጡ ሲንቀሳቀስ እንዳይንኳኳ ጥጥ እጠቀጥቅበት ነበር" አላት።

ቀና አለች። "እኔ ሶፍት ነው የማደርግበት።"

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት! እኛ አዋቂዎች ስንት ብንመክር ይህን በር አንከፍተውም።

ትልልቆቹ ስለ ፍቅርና ትዳር ጠየቁ። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ወስደው የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ከወረደና እንደዚያው ከቆየ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አይተላለፍም። ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ሲፈካ ማየት ልቤን ሞላው።

መድኃኒቱ በሀገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ ልጃችሁ ክትትል በሚያደርግበት ጤና ተቋም የአቻ ቡድን መኖሩን እባካችሁ ጠይቁ።